ጌጥ ጽሑፉን ሲሸፍነው



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ማዕድና ስለ ጎረቤት ፍቅር ስንነጋገር መቆየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ደግሞ ከእነዚህ የራቀ የሚመስል፥ ነገር ግን ከቤተ ሰብም ከአጥቢያም ኑሮ ጋር የተሳሰረ አንድ ጉዳይ ልናነሣ ወደድን። ይኸውም የድረ ገጽ ጌጥ ነገር ነው። «ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ እንጂ የእኛ የአባቶችና የእናቶች ጉዳይ አይደለም» የሚል ቢኖር፥ ቀጥለን የምንነግረውን ይስማ።

ኑሯቸውን በአንድ የአሜሪካ ከተማ ያደረጉ ወንድማችን፥ ወደ ከተማዋ ከገቡ ገና ሁለት ወር ሳይሞላቸው ባለቤታቸው ወንድ ልጅ ተገላገሉ። አርባው ቀን በተቃረበ ጊዜ ልጃቸውን ክርስትና ለማስነሣት አስበው፥ የቤተ ክርስቲያናችንን ስም ከከተማዋ ስም ጋር በስልካቸው ላይ ጽፈው ፈለጉ። የወጣላቸው ግን በመኪና የብዙ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚገኝ አጥቢያ ነበር። አራስና ጨቅላ ይዞ ያን ያህል መሄድ አልሆንላቸው አለና አርባው ቀን አለፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሥራ ቦታ የተዋወቋቸው አንድ የአገር ሰው፥ ከቤታቸው ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ነገሯቸው። ያ አጥቢያ ድረ ገጽ አልነበረውም እንዳይባል፥ ነበረው፤ እንዲያውም እጅግ ያማረ።

ይህን ድረ ገጽ እኛም እናውቀዋለን፤ በተመረቀበት ዕለት ካጨበጨቡት መካከል ነበርንና። ገና ሲከፈት ደወል ይደወላል፤ መጋረጃ እንደሚገለጥ ሆኖ ይገለጣል፤ ጥላና ጽናጽል የያዙ ዲያቆናት በሥዕል ያልፋሉ፤ ከዚያም የቤተ ክርስቲያኑ ስም በወርቅ ቀለም ፊደል በፊደል እየተሣለ ይወጣል። አድራሻውም፥ የቅዳሴው ሰዓትም፥ የስልክ ቍጥሩም በዚያው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ውስጥ ተሥለዋል። ማየቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ በእውነት እንደ ጽሑፍ የተጻፈ አንድም ቃል አልነበረም። ጥፋቱን በሠራው ወጣት ላይ ልንጥለው አይገባንም፤ «ጌጡ ይጨመርበት» እያልን የጠየቅነው እኛ ታላላቆቹ ነበርን።

ነገሩን ለመረዳት የፍለጋ ሞተር የሚባለው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉግልና እርሱን የመሳሰሉት ሦስት ተግባር አላቸው። በመጀመሪያ መልእክተኛ ፕሮግራም ይልካሉ፤ የጉግሉ ስም ጉግልቦት ይባላል፤ ይህም ማያያዣዎችን እየተከተለ ከገጽ ወደ ገጽ ይጓዛል። ሁለተኛ፥ ያነበበውን በታላቅ መዝገብ ያሰፍራሉ። ሦስተኛ፥ ሰው ጥያቄ ባቀረበ ጊዜ ከመዝገቡ የሚስማማውን መርጠው በተራ ያቀርባሉ። እንግዲህ የዚህ መልእክተኛ ዋና ምግቡ ጽሑፍ ነው። ሥዕል ሲያጋጥመው በዙሪያው የተጻፈውንና ለሥዕሉ የተሰጠውን መግለጫ ይመለከታል እንጂ፥ በሥዕሉ ውስጥ የተሣለውን ፊደል እንደ ተጻፈ ቃል ይመዘግበዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። «ግቡ» የሚለውንም አዝራር እንደ ሰው ተጭኖ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በደጁ ጽሑፍም ማያያዣም ካጣ፥ ሰው የሌለበት ቤት መስሎት ይመለሳል።

ይህ ፈተና ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፊውቸርስፕላሽ የተባለ የተንቀሳቃሽ ሥዕል መሥሪያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ገዛውና ፍላሽ ተብሎ ተጠራ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሙሉ ድረ ገጾች በፍላሽ ይሠሩ ጀመር፤ በመግቢያቸውም ላይ ሙዚቃና ትርኢት የሌለባቸው እንደ ኋላ ቀር ይቈጠሩ ነበር። በ2005 አዶቤ ማክሮሚዲያን ጠቀለለው። ይሁን እንጂ በፍላሽ ውስጥ የተቈለፈውን ጽሑፍ የፍለጋ ሞተሮች በቀላሉ ሊያነቡት አልቻሉም፤ ጉግል በ2008 ንባቡን ማሻሻሉን ቢያስታውቅም እንደ ተራ ጽሑፍ የተሟላ አልሆነም። በ2007 የወጣው አይፎን ፍላሽን አልተቀበለም። በ2017 አዶቤ ፍላሽን እንደሚተው አስታወቀ፤ ጉግልም በ2019 የፍላሽ ይዘትን ከመዝገቡ እንደሚያስቀር ተናገረ፤ በታኅሣሥ 2020 እንደ አውሮፓውያን ወር መጨረሻ አገልግሎቱ ቆመ። በፍላሽ ብቻ የተሠሩት ያማሩ ገጾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ባዶ ሣጥን ሆነው ቀሩ። በዚያው ዘመን ያለ ጌጥ በጽሑፍ ብቻ የተሠሩት ገጾች ግን እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

ፍላሽ ቢያልፍም ልማዱ አላለፈም። ዛሬ ያው ትርኢት በጃቫስክሪፕትና በቪዲዮ ይሠራል። እርግጥ ነው፥ ጉግልቦት ዛሬ ጃቫስክሪፕትን አስኪዶ ገጹን ሰው እንደሚያየው ለማየት ይችላል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ በተራ የሚጠበቅ ሲሆን፥ አንባቢው አንድ ነገር ሲጫን ብቻ ከሌላ ስፍራ የሚመጣ ጽሑፍ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። እውነተኛ ማያያዣ በመሆን ፈንታ በሥዕል ብቻ የተሠራ አዝራርም የሚከተለው የለም።

በዚህ ላይ የመዘግየት ነገር አለ። ጉግል የገጽን አመቺነት የሚለካባቸው ሦስት መስፈርቶች አሉት። የመጀመሪያው በገጹ ላይ ትልቁ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ታይቶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን፥ መልካም የሚባለው 2.5 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሁለተኛው አንባቢው ሲነካው ገጹ መልስ እስኪሰጥ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ይህም ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ ይፈለጋል። ሦስተኛው ገጹ እየተከፈተ ሳለ ጽሑፉ ከቦታው መንሸራተቱ ነው፤ በልዩ ስሌት ተለክቶ ከ0.1 እንዳያልፍ ይጠበቃል። ደወሉ ተደውሎ መጋረጃው እስኪገለጥ ድረስ ስምንትና አሥር ሴኮንድ የሚያስቆም ገጽ በመጀመሪያው ፈተና ላይ ይወድቃል። ከ2021 ወዲህ ይህን መሰሉ መለኪያ ከደረጃ አሰጣጡ ጋር ተያይዟል። ከዚህም ጋር ጉግል የሚመዘግበው በኮምፒዩተር ላይ የሚታየውን ሳይሆን በስልክ ላይ የሚታየውን መልክ ነው።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናጎድል እንጠንቀቅ። የፍለጋ ሞተር ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ስለ መንቀሳቀሱ ብቻ አይቀጣም። ከሁሉም አስቀድሞ የሚመለከተው ገጹ ለጠያቂው ጥያቄ መልስ መያዝ አለመያዙን ነው፤ ፍጥነቱ ሌላው ሁሉ በተስተካከለ ጊዜ የሚያበላልጥ እንጂ የመልስ ምትክ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ጌጡ የጽሑፉን ቦታ ሲወስድ፥ ወይም ጽሑፉን ሲያዘገይና ሲገፋ ነው። ጽሑፉ ቀድሞ ከታየ በኋላ በዳር በኩል በዝግታ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ጌጥ ማንንም አይጎዳም።

ለእኛ ለአማርኛ አንባብያን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ልዩ ልዩ የፊደል ዓይነቶች እርስ በርሳቸው አይግባቡም ነበርና፥ አማርኛን በሥዕል አድርጎ ማስቀመጥ ምክንያት ነበረው። ዛሬ ግን በእጃችን ያለው ስልክ ሁሉ ፊደላችንን ይጽፋል፤ ያነባልም። በእንግድነት አገር ተወልዶ አማርኛን የሚማር ልጅ አንድ ቃል ሊፈልግ ሲነሣ፥ ያ ቃል በሥዕል ውስጥ ተቈልፎ ከተቀመጠ አያገኘውም።

በፍለጋ ሞተር የማይነበበው ብዙውን ጊዜ ለሰውም አይነበብም። የዓይን ብርሃን የሌላቸው ወገኖቻችን በስልካቸው ላይ ያለ አንባቢ ፕሮግራም ጽሑፉን በድምፅ ያሰማቸዋል፤ በሥዕል ላይ ግን መግለጫ ካልተጻፈለት ዝም ይላል። በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሊጥል ይችላል። እንቅስቃሴ ሲበዛ ራሳቸውን የሚያዞራቸውም አሉ። በአገር ቤት ደግሞ ለኢንተርኔት በሜጋባይት እየከፈለ የሚጠቀም ወገናችን፥ የቅዳሴ ሰዓት ለማወቅ ብሎ የትርኢቱን ዋጋ ጭምር ይከፍላል።

አባቶቻችን በብራና መጻሕፍት ላይ ያደረጉትን እንመልከት። በምዕራፉ ራስ ላይ ሐረግ ይስላሉ፤ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፤ ሥዕሉንም ለብቻው በገጹ ላይ ያኖራሉ። ሐረጉ ግን ጽሑፉን ይከባል እንጂ በፊደሉ ላይ አይወጣም። ጌጡን ያዩ ዘንድ ንባቡን የተነፈጉ የሉም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ብሂልም ለዚህ የተነገረ ይመስላል፤ ጥምጥሙ ክብር ነው፤ ትምህርቱ ከቀደመው ነው።

እንግዲህ የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላትም ሆናችሁ፥ ለማኅበር ወይም ለንግድ ድረ ገጽ የምታሠሩ አንባብያን፥ የሚከተሉትን ለማድረግ ባለሙያ መሆን አያስፈልጋችሁም። በስልካችሁ ገጹን ከፍታችሁ የቤተ ክርስቲያኑን ስም በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙት፤ ፊደሉ ተመርጦ የሚቀዳ ከሆነ ጽሑፍ ነው፤ እንቢ ካለ ሥዕል ሊሆን ይችላልና ሠሪውን ጠይቁ። የስልክ ቍጥሩን ንኩት፤ በቀጥታ ወደ ጥሪ ሊወስዳችሁ ይገባል። ስሙ፥ ከተማው፥ አድራሻውና የቅዳሴው ሰዓት በመጀመሪያው ገጽ ላይ በአማርኛም በአገሩም ቋንቋ በጽሑፍ ይቀመጡ። የመግቢያው ትርኢት ይቅር፤ ካልቀረም ከጽሑፉ በታች ይሁን፤ ድምፁም አንባቢው ሳይጠይቅ አይሰማ። ለእያንዳንዱ ሥዕል አጭር መግለጫ ይጻፍለት። ሠሪው ወጣት ደግሞ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በሚባለው ነጻ መመርመሪያ ፍጥነቱን፥ ሰርች ኮንሶል በሚባለውም ጉግል ገጹን እንዴት እንደሚያየው ሊመለከት ይችላል። በጉግል ካርታ ላይ የአጥቢያውን አድራሻ ማስመዝገብም እንዳይረሳ።

የዚያ አጥቢያ ነገር እንዴት ሆነ? ወንድማችን ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር በእሑድ ቀን በመጡ ጊዜ ካህኑ በደስታ ተቀበሏቸው፤ ሕፃኑም በስድሳኛው ቀን ክርስትና ተነሣ። ከቅዳሴ በኋላ ወንድማችን ያለ ምሬት የፍለጋቸውን ታሪክ ሲናገሩ፥ እኛ ያጨበጨብነው ሰዎች አንገታችንን ደፍተን ሰማን። በማግሥቱ ሠሪው ወጣት መጋረጃውንና ደወሉን አንሥቶ፥ በስፍራው ስምን፥ አድራሻን፥ ሰዓትንና ስልክን በጥቁር ፊደል ጻፈ። የዲያቆናቱ ሥዕል ግን አልጠፋም፤ ከጽሑፉ ግርጌ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል።

መብራትን አብርቶ ከዕንቅብ በታች የሚያኖር እንደሌለ በወንጌል ተምረናል። ዕንቅቡ በወርቅ ቢለበጥም ዕንቅብ ነው። በሌሊት መንገድ ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚፈልግ አንድ እንግዳ አለና፥ መብራታችንን በመቅረዙ ላይ እናኑር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።