በቤት ውስጥ በሽቦ አልባ መረብ ላይ ስለሚታይ ያልታወቀ አድራሻ

የግቢን በር እንዲጠብቅ የተሾመ ሰው ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ ማወቅ ግዴታው ነው። ነገር ግን የመጣውን ሰው ስሙን ሳይጠይቅ ሌባ ብሎ የሚጮህ ዘበኛ፥ በሩን ክፍት ትቶ ከሚተኛው ዘበኛ ያላነሰ ጉዳት በቤቱ ላይ ያመጣል። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ምክር ስለዚሁ ነው፤ በሩ ግን የእንጨት በር ሳይሆን ዋይፋይ የተባለው የሽቦ አልባ መረብ በር ነው።

በባሌ ደጋ፥ በሮቤና በጎባ፥ በገሰራም በኩል፥ በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው አብሮ ይኖራል። ባለቤቱ በትልቁ ቤት፥ ተከራዩ በጓሮው ቤት፥ ለትምህርት ከገጠር የመጣውም ዘመድ በአንዱ ክፍል ይቀመጣል፤ በሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ስላለ የተማሪው ቍጥር ጥቂት አይደለም። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ግድግዳ ደግሞ የመረቡን ሞገድ ፈጽሞ አያግደውም፤ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ይደርሳል። እንግዲህ የቤቱ ጌታ አንድ ቀን መስመሩ ቢዘገይበት የራውተሩን መዝገብ ይከፍትና የማያውቀውን ረጅም የቍጥርና የፊደል ድርድር ያያል። በዚህ ጊዜ ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው መልስ ለመስጠት አቅም በሌለው ላይ ነው፤ በሠራተኛዪቱ ወይም በተከራዩ ልጅ ላይ። ያለ ማስረጃ የተነገረ ቃል ደግሞ ከአፍ ከወጣ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ አስቀድሞ የመዝገቡን ንባብ ማወቅ ያስፈልጋል።

በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓይነት አድራሻ ይታያል። አንደኛው አይ ፒ ይባላል፤ በቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ 192.168 ብሎ ይጀምራል። ይህ አድራሻ በግብር ቤት አጋፋሪ ለእንግዳ እንደሚያሳየው መቀመጫ ያለ ነው። ራውተሩ አጋፋሪ ነው፤ የመጣውን መሣሪያ ሁሉ ተቀብሎ ባዶ በሆነው ስፍራ ያስቀምጠዋል። ነገ ሌላ ስፍራ ሊሰጠው ስለሚችል፥ ቍጥሩ ቢለወጥ አዲስ እንግዳ መጣ ማለት አይደለም። ይህም ቍጥር ለቤት ውስጥ ብቻ የተለየ ስለ ሆነ፥ በጎባ ባለ ቤትና በአዲስ አበባ ባለ ቤት ያው አንድ ቍጥር ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ማክ የተባለው አድራሻ ነው። 12 ምልክቶች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ በ6 ይከፈላሉ። ምልክቶቹም ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞችና ከኤ እስከ ኤፍ ያሉት 6 የላቲን ፊደላት ናቸው። ይህ መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ለሠሪው ኩባንያ የሚሰጠው መለያ ሲሆኑ፥ የቀሩት 6 የመሣሪያው የራሱ ናቸው። ነገር ግን መለያው ብዙ ጊዜ የሚያሳየው በውስጡ ያለችውን የመገናኛ ዕቃ የሠራውን እንጂ በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም። ስለዚህ ስሙ ያልተሰማ የሩቅ አገር ኩባንያ በመዝገቡ ላይ ቢገኝ፥ በሳሎን የተቀመጠው ቴሌቪዥን ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በላይ ሰውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የቀድሞ መኳንንት ከክርስትና ስማቸው ሌላ የፈረስ ስም እንደ ነበራቸው፥ አፄ ምኒልክም አባ ዳኘው፥ አፄ ኃይለ ሥላሴም አባ ጠቅል እንደ ተባሉ የታወቀ ነው። የዛሬ ስልኮችም እንዲሁ የተወለዱበትን ስም ሠውረው ለየመረቡ ሌላ ስም ያወጣሉ። ይህም ባለቤታቸው በሄደበት ሁሉ በስልኩ ስም እንዳይከታተሉት ለመጠበቅ የተደረገ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2019 ጀምሮ በአንድሮይድ 10፥ ከ2020 ጀምሮም በአይፎን፥ ያለ ማንም ትእዛዝ ይህ ይሠራል። መታወቂያው ቀላል ነው፤ ከ12ቱ ምልክቶች ሁለተኛው 2 ወይም 6፥ ወይም ኤ ወይም ኢ የተባለው ፊደል ቢሆን፥ ያ አድራሻ ከፋብሪካ የተሰጠ ሳይሆን በኋላ የወጣ ነው። እንዲህ ያለውን ስም የሠሪውን መለያ ፈልጎ ለማግኘት መድከም ከንቱ ነው። መረቡ ከስልኩ ተሰርዞ እንደ ገና ሲያያዝም ስልኩ አዲስ ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ እንግዳ የመሰለው የእመቤቲቱ የራሷ ስልክ ሆኖ ይገኝ ይሆናል።

እንግዲህ በሥርዓት መመርመር የሚወድ ሰው እንዲህ ያድርግ። በመጀመሪያ በቤቱ ያሉትን መሣሪያዎች ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፤ ስልክ፥ ኮምፒዩተር፥ ቴሌቪዥን፥ የማተሚያ መሣሪያ፥ የበር ካሜራ፥ የእጅ ሰዓትም ሳይቀር። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ስልክ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ በዚያ መረብ የሚጠቀምበትን አድራሻ አይቶ ከመዝገቡ ጋር ያስተያይ። አድራሻውን የማያሳይ መሣሪያ ቢኖር ያጥፋውና ከመዝገቡ የትኛው መስመር እንደሚጐድል ይመልከት፤ አንዳንድ ራውተር ስሙን ቶሎ ስለማይሰርዝ ጥቂት መታገሥ ይገባል። ለታወቀውም ሁሉ በመዝገቡ ላይ ስም ይስጠው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልታወቀ ቢቀር፥ ያንን አንድ አድራሻ ብቻ መከልከል አይበቃም፤ ስሙን ለውጦ ይመለሳልና። የሚበጀው የመረቡን የምስጢር ቃል መለወጥ ነው። ቃሉ ረጅም ይሁን፤ የስልክ ቍጥር ወይም የልጅ ስም አይሁን። መቈለፊያው ደብልዩ ፒ ኤ 2 ወይም 3 የተባለው ይሁን። ራውተሩን የሚያዝበት ቃልም ከፋብሪካ እንደ መጣ መቅረት የለበትም። ለእንግዳና ለተከራይ የተለየ የእንግዳ መረብ መክፈት ቢቻል እጅግ መልካም ነው። ቃሉ ከተለወጠ በኋላ ፈቃድ የነበረው ሁሉ ራሱ መጥቶ ይጠይቃል፤ ያልነበረውም በዝምታ ይቀራል። በዚህም ማንም ሳይዋረድ ነገሩ ይታወቃል።

በመጨረሻም ይህን እናሳስባለን። ብዙ ጊዜ እንግዳውን ያስገባው የቤቱ ሰው ራሱ ነው። ልጅ ለጓደኛው ቃሉን ይነግራል፤ በስልክ ላይ የሚታየውን የምስል ምልክት ያሳየዋል፤ ጓደኛውም ለሌላው ያስተላልፋል። ይህ የመስጠት ልማድ እንጂ ስርቆት አይደለም። ስለዚህ የቤቱ ጌታ ልጆቹን ሰብስቦ፥ የመረብ ቃል እንደ ቤት ቍልፍ መሆኑን፥ ያለ ፈቃድ ለሰው እንደማይሰጥ በለሆሳስ ያስረዳቸው። አድራሻ መሣሪያን ያመለክታል እንጂ የሰውን ልብ አያመለክትም፤ መሣሪያው የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅም በሰው ላይ መፍረድ ለአስተዋይ ሰው አይገባም።