ገለልተኝነት ለማን?

«የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ፖለቲካ ውስጥ አይገባም። ሙያው መርዳት ነው፤ ይርዳና ወደ ቤቱ ይግባ።» ይህች አባባል በተማሪው መካከል በየክርክሩ ትነሣለች። የሚናገሯት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ጨዋና ታታሪ ልጆች ናቸው። ነገር ግን አባባሏን ይዘን ዛሬ አውሮፓ ውስጥ፥ በተለይም ጀርመን ውስጥ በሚሆነው ነገር ብንፈትናት በእግሯ አትቆምም። የቀኝ ክንፍ ፖፑሊዝም፥ በአማርኛችን «ሕዝብ ማለት እኔ ብቻ ነኝ ባይነት» ብንለው ያስኬዳል፥ ሶሻል ዎርክን የሚያጠቃው በጀት በመቁረጥ ብቻ አይደለም። ጥያቄውን በመለወጥ ነው። «ይህ ሰው ምን ቸገረው?» የሚለው ጥያቄ ይወጣና «ይህ ሰው የማን ወገን ነው?» የሚለው ይገባል። ጥያቄው ከተለወጠ ወዲያ «እኔ ገለልተኛ ነኝ» የሚል ሠራተኛ ለአዲሱ ጥያቄ ጸሐፊ ሆነ ማለት ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ከቃሉ እንነሣ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1989 የምሥራቅ ጀርመን ሕዝብ ሰኞ ሰኞ በላይፕሲግ አደባባይ እየወጣ «ሕዝቡ እኛ ነን!» ሲል ጮኸ። በሕዝብ ስም ይገዛ የነበረውን መንግሥት «በስማችን አትነግድ» ማለቱ ነበር። በ2014 ፔጊዳ የተባለው ፀረ እስልምናና ፀረ ስደተኛ እንቅስቃሴ ድሬስደን ላይ ሲነሣ ያንኑ መፈክር፥ ያንኑ ሰኞ ወሰደ። ቃሉ ያው ነው፤ ጣቱ ግን ዞሯል። ያኔ የተቀሰረው ወደ ላይ፥ ወደ ገዢው ነበር። አሁን የተቀሰረው ወደ ጎረቤት ነው። «ሕዝቡ እኛ ነን» ማለት «እናንተ ግን አይደላችሁም» ማለት ሆነ።

ይህን ስሜት ወደ ፓርላማ የወሰደው «አማራጭ ለጀርመን» የተባለው ፓርቲ፥ በአጭሩ አ.ኤፍ.ዴ. ነው። በ2013 ሲቋቋም ዋና ጠቡ ከዩሮ ገንዘብ ጋር ነበር። በ2017 ስደተኛን ዋና ጉዳዩ አድርጎ በ12.6 በመቶ ድምፅ ቡንደስታግ ገባ። በመስከረም 2024 በቱሪንገን ክልል 32.8 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ በየካቲት 2025 በመላ አገሪቱ 20.8 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ ተራማጅ ነን የምንል ሰዎች የምንወዳት አቋራጭ አለች፤ «የመረጧቸው ሁሉ ደንቆሮዎች ናቸው» ብሎ ማለፍ። ይህ ስድብ እንጂ ትንተና አይደለም። ከ1990 ወዲህ ትሮይሃንድ የተባለው መሥሪያ ቤት የምሥራቁን የመንግሥት ፋብሪካዎች ተረክቦ ከፊሉን ሸጠ፥ ከፊሉን ዘጋ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሠራተኛ ሥራ አጣ። ወጣቱ ወደ ምዕራብ ፈለሰ። ስለዚህ ቁስሉ እውነተኛ ነው። ግን በ2015 ከሶሪያ ሸሽቶ የመጣ ሰው በ1991 የተዘጋውን ፋብሪካ እንዴት አድርጎ ዘጋው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው! የፖፑሊዝም ጥበብ ሕመምን መፍጠር አይደለም፤ ያለውን ሕመም ወስዶ የተሳሳተ አድራሻ መስጠት ነው።

እስቲ አሁን ወደ ሠራተኛው ጠረጴዛ እንምጣ። የ1949ኙ የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 1 የሰው ክብር አይደፈርም ይላል። የሰው እንጂ የጀርመናዊ አላለም። በ1993 የወጣው ሕግ ለጥገኝነት ጠያቂዎች የተለየ፥ ዝቅ ያለ ድጎማ ወሰነ፤ ገንዘቡም ለዓመታት ሳይጨመር ቆየ። በሐምሌ 2012 የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ድጎማው ለመኖር እንደማይበቃ ፈረደ፤ የሰው ክብር ለፍልሰት ፖሊሲ ሲባል ከፍ ዝቅ እንደማይደረግም ተናገረ። ታዲያ በ2024 ምን መጣ? የክፍያ ካርድ። ጥገኝነት ጠያቂው በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ካርድ ይያዝ ተባለ፤ ብዙ ክልሎችም በወር ከ50 ዩሮ በላይ በጥሬው እንዳይወጣባት ደነገጉ። በ50 ዩሮ አሮጌ ልብስ የሚሸጥበት ገበያ፥ የልጅ የትምህርት ቤት መዋጮ፥ የጠበቃ ክፍያ ... የቱ ይቅደም? ልብ በሉ፤ ይህን ሕግ ያወጣው አ.ኤፍ.ዴ. አይደለም። ነባሮቹ ፓርቲዎች ናቸው። ፖፑሊዝም ሥልጣን ሳይይዝም እንዲህ አድርጎ ይገዛል። በዚያ ወረፋ ላይ ከሚቆሙት መካከል ደግሞ የኛው አገር ልጆችም እንዳሉ አንርሳ።

«ይህ የስደተኛ ጉዳይ ነው፤ ሌላውን አይነካም» የሚል ይኖራል። ይነካል እንጂ! ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በ2018 የጸደይ ወራት አ.ኤፍ.ዴ. በቡንደስታግ ጥያቄ አቀረበ። የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር ከዘመዳሞች ጋብቻና ከስደት ጋር የሚያያይዝ ጥያቄ ነበር። 18 የበጎ አድራጎትና የአካል ጉዳተኛ ማኅበራት ዝም አላሉም፤ በሚያዝያ ወር በአንድ ትልቅ ጋዜጣ ላይ በአንድነት የተቃውሞ ማስታወቂያ አወጡ። በ2023 ደግሞ የፓርቲው የቱሪንገን መሪ ቢዮርን ሆከ በቴሌቪዥን ቀርቦ፥ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ከሌሎቹ ጋር አብሮ ማስተማር ትምህርት ቤት ሊገላገላቸው ከሚገቡ የርዕዮተ ዓለም ፕሮጀክቶች አንዱ ነው አለ። አያችሁ? «የማን ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ በስደተኛው ጀመረና ጀርመናዊ እናት ከወለደችው፥ በተሽከርካሪ ወንበር ከሚሄደው ሕፃን ዘንድ ደረሰ።

ወደ ገለልተኝነት እንመለስ። በ2018 የሃምቡርግ አ.ኤፍ.ዴ. ተማሪዎች «ገለልተኛ ያልሆነ» አስተማሪ ሲያዩ የሚጠቁሙበት የኢንተርኔት ሰሌዳ ከፈተ። በየካቲት 2025 ወግ አጥባቂዎቹ የክርስቲያን ዴሞክራቶች፥ በአደባባይ ሰልፍ በተተቹ ማግሥት፥ የመንግሥት ድጋፍ ስለሚያገኙ የሲቪል ማኅበራት ፖለቲካዊ ገለልተኝነት 551 ጥያቄዎችን ለመንግሥት አቀረቡ። አምስት መቶ አምሳ አንድ! እንግዲህ ገለልተኝነት የሚባለው በጎ ቃል የማን ልጓም እንደ ሆነ ተመልከቱ። ደካማውን የሚረዳ ሲናገር «ገለልተኛ ሁን» ይባላል፤ ደካማውን የሚነቅፍ ሲናገር ግን «የሕዝብ ድምፅ ነው» ይባላል።

ፖፑሊዝም መንግሥት ሲሆንስ? ሃንጋሪን እንይ። በሰኔ 2018 የኦርባን መንግሥት ያወጣው ሕግ ሰዎች የጥገኝነት ማመልከቻ እንዲያቀርቡ መርዳትን እስከ አንድ ዓመት በሚያስቀጣ ወንጀል ውስጥ አገባው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ይህ ከኅብረቱ ሕግ ጋር እንደሚጋጭ የፈረደው ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በኅዳር 2021 ነው። በዚያው በ2018 በጥቅምት ወር ደግሞ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጎዳና ላይ ማደር ተከለከለ። ቤት አልተሰጠም፤ ቤት ማጣት ተከለከለ! አሁን ገለልተኛው ጓደኛችን ይመልስልን፤ ፎርም መሙላት ወንጀል በሆነበት አገር ፎርም የሚሞላ ሠራተኛ ፖለቲካ ውስጥ ገባ ወይስ ፖለቲካው እርሱ ዘንድ መጣ?

ይህ ሙያ ያለፈ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ሁሉ የሚያኮራ አይደለም። አሊስ ሳሎሞን በ1908 በርሊን ውስጥ የሴቶች የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ከፈተች። አይሁዳዊት ተወላጅ ስለ ነበረች ናዚዎች በ1933 ከሥራዋ አነሷት፤ በ1937 ጌስታፖ ከአገር አስወጣት። ስንቱ ባልደረባዋ ግን በወንበሩ ቀረ። በ1933 ዘር አጥራለሁ የሚለው ሕግ ወጣና እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች በግዳጅ እንዲመክኑ ተደረገ። ስም ዝርዝሩ ከየት መጣ? ከፊሉ ከሐኪም ቤት፥ ከፊሉም ከማኅበራዊ ድጋፍ ቢሮ መዝገብ ነው። የድሆችን ችግር ለመርዳት የተጻፈው ፋይል ድሆችን ማደኛ ሆነ። እነዚያ ጸሐፊዎች አብዛኞቹ ጨካኞች አልነበሩም፤ የታዘዙትን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የሞሉ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል። «ታዲያ ሠራተኛው የፓርቲ ካድሬ ይሁን? የአ.ኤፍ.ዴ. መራጭ ሲመጣ በሩን ይዝጋበት?» በፍጹም! ያ ሰው ዕዳ ውስጥ ከገባ፥ ሚስቱ ከታመመች፥ ልጁ በመጠጥ ከጠፋ እንደማንኛውም ሰው ይረዳ። አስተሳሰቡ ይሞገት፤ ችግሩ ይፈታ። ይህ ለፖፑሊዝም የሚሰጠው ትልቁ መልስ ነው፤ «የማን ወገን ነህ?» ሳይባል የተረዳ ሰው ሌላውም እንዲሁ መረዳት እንዳለበት ቢያንስ አንድ ጊዜ በገዛ ዓይኑ አይቷል። የምንቃወመው አዲሱን ጥያቄ እንጂ ሰውዬውን አይደለም።

መቃወምም ከንቱ አይደለም። በጀርመን ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሰው ሲያገኙ እንዲጠቁሙ ይገደዳሉ። መምህራን፥ አብያተ ክርስቲያናትና የረድኤት ማኅበራት ለዓመታት ተከራክረው በ2011 ትምህርት ቤቶችና መዋዕለ ሕፃናት ከዚህ ግዴታ ወጡ። ዲሬክተሩ ጠቋሚ መሆኑ ቀረ፤ ወረቀት የሌለው ልጅ ክፍል ገብቶ መቀመጥ ቻለ። ይህን ያመጡት ገለልተኞች አይደሉም።

ዴሞክራሲ በየአራት ዓመቱ ካርድ መጣል ብቻ ከሆነ አ.ኤፍ.ዴ.ም ድምፁን ያገኘው በካርድ ነው። ለድኻው ሰው ግን መንግሥት ማለት ፓርላማው አይደለም፤ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ሠራተኛ ነው። እዚያ መስኮት ላይ ሁሉም በአንድ ሚዛን ካልተመዘነ ምርጫው ለድኻው ምን ይፈይድለታል?

ጓደኞቼ፥ «የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ ምን አገባን?» አንበል። በአገራችን በ1959 የተከፈተው የሶሻል ዎርክ ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ በ2004 ነው እንደገና የተከፈተው። ከዚያ የሚወጡት ልጆች ነገ በየቀበሌው፥ በየመጠለያው መስኮት ይቀመጣሉ። «የማን ወገን ነው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም። ፎርሙ ላይ ተጽፎ በመጣ ጊዜ የሚሞላውም ሆነ «አልሞላም» የሚለው ከዚህ ትውልድ ነው። ያን ቀን ከመድረሱ በፊት አሁን እንከራከርበት፤ መልስ ያለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍ።