የተኛ ድያፍራም፦ ይጠበቅ ወይስ ይሰፋ?

የልብ ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል፤ ሕፃኑ ግን ከመተንፈሻ መሣሪያው አልላቀቅ አለ። ቱቦው በወጣ በሰዓታት ውስጥ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ደረቱና ሆዱ ተቃራኒ ይሄዳሉ፤ ቱቦው ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ከሚጠረጠሩት አንዱ የፍሬኒክ ነርቭ ጉዳት ነው። ነርቩ የልብን ሽፋን ታክኮ ደረትን ከሆድ ወደሚለየው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ወደ ድያፍራም፣ ስለሚወርድ በቀዶ ሕክምናው መካከል ሊወጠር፣ በማቃጠያው ሙቀት ወይም ልብን በሚያቀዘቅዘው በረዶ ሊጎዳ ይችላል። መሣሪያው አየር እየገፋ የሚነሣ ራጅ ነገሩን ይደብቀዋል። ሕፃኑ በራሱ ሲተነፍስ በአልትራሳውንድ ከታየ ግን የተጎዳው ወገን አየር ሲሳብ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ወደ ላይ ይወጣል።

መፍትሔው የላላውን ድያፍራም አጥፎ መስፋት ነው። ጡንቻው በዚህ አይነቃም፤ ሳንባውን መጫኑን ግን ይተዋል። የሚያከራክረው ጊዜው ነው።

«እንጠብቅ» የሚሉት ሐኪሞች ምክንያት አላቸው። ነርቩ ካልተቆረጠ በሳምንታት ወይም በወራት ሊያገግም ይችላል፤ ቁስሉ ያልጠገገ ልጅን እንደገና ማደንዘዝም የራሱ አደጋ አለው። ከፍ ያለ ልጅ ደግሞ የጎድን ጡንቻው ስለጠነከረ አንድ ወገኑ ቢተኛም ብዙውን ጊዜ ይቋቋመዋል።

ጨቅላ ግን ይህ አቅም የለውም፤ ትንፋሹ በአብዛኛው የድያፍራም ሥራ ነው። ቱቦው በቆየ ቁጥር የሳንባ ምች ያሰጋል፣ ጉሮሮ ይቆስላል። የፎንታን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ ጉዳይ ይብሳል፦ ደሙ ወደ ሳንባ የሚያልፈው ያለ ልብ ግፊት ስለሆነ የትንፋሹን እገዛ ይፈልጋል። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው፤ የተሰፋ ድያፍራም ነርቩ ሲያገግም ተመልሶ ሊንቀሳቀስ ይችላል። መስፋት በሩን አይዘጋም።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሒሳብ ይጨመራል። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የሕፃናት የልብ ማዕከል ደጅ ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አንድ አልጋ ለሳምንታት ሲያዝ የሌላው ልጅ ተራ ይገፋል። ከውጭ መጥቶ የሚያክም ቡድን ከሆነ ደግሞ ውሳኔው ሲደርስ ቀዶ ሐኪሙ አገሩ ገብቶ ይሆናል። ይህ ለመቸኮል ይገፋፋል። የአልጋ እጥረት ግን ብቻውን ልጅ አያስቀድድም።

ቱቦው ተደጋግሞ የተመለሰለት፣ ጉዳቱም በአልትራሳውንድ የታየ ጨቅላ ቢሰፋለት እመርጣለሁ። ድያፍራሙ ራጁ ላይ ብቻ ከፍ ብሎ የታየ፣ እየጠባ ክብደት የሚጨምር ልጅ ይተው። ከባዱ በመካከል ያለው ነው፦ ቱቦ አይፈልግም፣ ከኦክስጅንም አይላቀቅም፣ ክብደትም አይጨምርም። እዚህ ላይ ሁለት ጥሩ ሐኪሞች ቢለያዩ አይገርመኝም።