መሥዋዕቱን የከፈለው ማን ነው?

ቡድሂዝምን ከሩቅ የሚያይ ሰው ትምህርቱ «ሁሉን ጥለህ ሂድ» የሚል ይመስለዋል። ትዳሩም፣ ልጁም፣ ሥራውም ሰንሰለት ነው፤ ብልህ ሰው በጥሶት ይመንናል። ይህ አረዳድ ግን ትምህርቱን ያጎድለዋል። ቡድሃ የስቃይ ምንጩ ጥማትና ሙጥኝ ማለት ነው አለ እንጂ ኀላፊነት ነው አላለም። ልንለቀው የሚገባው «የእኔ» የምንለውን ነው፤ የሌላውን ድርሻ የመልቀቅ መብት የለንም።

ለዚህ አባባል ዋናው ፈተና የመሥራቹ የራሱ ሕይወት ነው። ኋላ ቡድሃ የተባለው ሲድሃርታ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ራሁላን ትቶ መንኗል። ከዓመታት በኋላ ብርሃን አግኝቶ ወደ ካፒላቫስቱ ሲመለስ፣ እናቲቱ ልጇን «አባትህ ያውልህ፤ ውርስህን ጠይቀው» ብላ ላከችው። ልጁ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ውርሱን ጠየቀ። ያገኘው ግን መሬት ወይም ወርቅ ሳይሆን ምንኵስናን ነበር። አያቱ ንጉሥ ሱድሆዳና ይህን ሲሰሙ አልቻሉም። መጀመሪያ ሲድሃርታ፣ ቀጥሎ ሌላው ልጃቸው ናንዳ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጃቸው፤ ሐዘኑ አጥንታቸው ድረስ ዘለቀ። ቡድሃ ፊት ቀርበው፣ ከእንግዲህ ወላጅ ሳይፈቅድ ልጅ እንዳይመነኩስ ለመኑ።

ቡድሃ «ይህ ሐዘንዎ ሙጥኝ ማለት ነውና ይልቀቁት» ሊላቸው ይችል ነበር። አላለም፤ ልመናቸውን ሕግ አደረገው፤ ሕጉም በመነኮሳቱ ሥርዓት ውስጥ ሰፈረ። የመናኙ መንገድ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ ቤት የቀረው ሰው ዕንባም ድምፅ እንዳለው ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

ለባለትዳሮች የተሰጠው ትምህርትም ያው ነው። ሲጋላ የተባለ ወጣት ጠዋት ጠዋት ልብሱ እንደረጠበ ለስድስት አቅጣጫዎች ሲሰግድ ቡድሃ አገኘው። ስግደቱን ወደ ግዴታ መለሰለት፦ ምሥራቅ ወላጆችህ፣ ደቡብ መምህራንህ፣ ምዕራብ ሚስትና ልጆችህ፣ ሰሜን ወዳጆችህ፣ ታች ሠራተኞችህ፣ ላይ መናንያን ናቸው አለው። አሠሪ ለሠራተኛው እንደ አቅሙ ሥራ ይስጠው፣ ምግቡንና ደመወዙን ይክፈለው፣ ሲታመም ያስታምመው፣ ዕረፍትም አይንፈገው። ይህ ዓለምን የሚያስጥል ሰው ንግግር አይደለም።

ለክርክሬ የሚከብደው በቡድሂስቶች ዘንድ የሚነገረው የልዑል ቬሳንታራ ታሪክ ነው። ልግስናን ፍጹም ለማድረግ ሲል ልጆቹን ለጁጃካ፣ ለአንድ ክፉ ሽማግሌ ይሰጣል። ልጆቹ ኩሬ ውስጥ በሎተስ ቅጠል ሥር ይደበቃሉ፤ አባታቸው ጠርቶ ያወጣቸዋል። ሽማግሌው በሐረግ አስሮ እየገረፈ ሲወስዳቸው እናታቸው ማዲ ፍሬ ለቀማ ጫካ ናት። ታይላንድ ውስጥ ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ በበዓል ይነበባል፤ የልግስና ቁንጮ ተደርጎም ይወደሳል። ነገር ግን «የንጉሥ ሚሊንዳ ጥያቄዎች» በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ንጉሡ መነኩሴውን ናጋሴናን የልጆቹን ስቃይ አንሥቶ ይሞግተዋል። ናጋሴና ስጦታውን አጥብቆ ይከላከላል፤ እኔ ግን ከንጉሡ ጥያቄ ጋር እቆማለሁ። የተገረፉት ልጆቹ ናቸው፤ የተመሰገነው አባትየው ነው።

የቡድሃ ታሪክ እኛም ዘንድ ደርሷል። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» መነሻው የሲድሃርታ ሕይወት ነው። በዚህ ክርስቲያናዊ ታሪክ ልዑሉ በረሃ የሚወርደው ሚስትና ልጅ ጥሎ አይደለም። አባቱን እስኪሞት ጠብቆ፣ መንግሥቱን ለሚረከበው ሰው ካስረከበ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «ሁሉን ትቻለሁ» ሲለን ከማድነቃችን በፊት ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ እንጠይቅ። የገዛ ጥቅሙን የለቀቀ ሰው መሥዋዕት አቅርቧል። የሌላውን ድርሻ የለቀቀ ግን ዕዳውን ለሌላ አሸክሞ ሄዷል።