ባሕሩ እንዲከፈትልን ነው ወይስ እንዲዘጋ?

የባሕር በር ጉዳይ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣ አንድ አሳብ አለ፤ «ትልልቅ የጦር መርከብ ባይኖረንም ሚሳኤል የጫኑ ጥቂት መርከቦች ቢኖሩን በቀይ ባሕር ላይ የሚደፍረን አይገኝም» የሚል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር በይፋ ከተናገሩ ወዲህ ይህን ከተማሩ ወዳጆቼ አፍ ሳይቀር ሰምቻለሁ። በበኩሌ አልቀበለውም።

አሳቡ ከባዶ የመጣ እንዳልሆነ ግን አምናለሁ። በ2014 ዓ.ም. ቻይና ፀረ መርከብ ነው የሚባል ባለስቲክ ሚሳኤል ከግዙፍ የጦር መርከቧ ስትተኩስ የሚያሳይ ምስል ወጣ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ኢራን ከዕቃ ጫኝነት ወደ ጦር መርከብነት ከለወጠቻት «ሻሂድ ማህዳቪ» ላይ፣ ኮንቴይነር ከመሰለ ማስወንጨፊያ፣ ባለስቲክ ሚሳኤል ተኮሰች። በዚያው ወር በ10ኛው ቀን የየመን ሁቲዎች ከየብስ የተኮሱት ፀረ መርከብ ባለስቲክ ሚሳኤል «ሩቢማር» የተባለችውን የጭነት መርከብ መታ፤ የካቲት 23 ቀን ሰጠመች።

የጦር ስልት ጸሐፍት ይህን «ባሕርን መንፈግ» ይሉታል። ባሕሩን ለመቆጣጠር አትደክምም፤ ሌላው እንዳይገለገልበት ብቻ ታደርጋለህ። ይሠራልም። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ስፍራ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አሜሪካና አጋሮቿ ብዙ ሚሳኤል በአየር ላይ ቢያከሽፉም ታላላቅ የመርከብ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ መዞርን መረጡ።

ሁቲዎች ባሕሩ ሲታወክ የሚያጡት ከሚያሳጡት ያነሰ ነበር። እኛስ? ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የውጭ ንግዳችን የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። በምኖርበት በገላን ኮንዶሚኒየም አጠገብ ሌት ተቀን ወደ ቃሊቲ የሚጎርፉት ከባድ መኪኖች ጭነት ከዚያው ባሕር የወረደ ነው። «ሩቢማር» የያዘችው 21 ሺህ ቶን ገደማ ማዳበሪያ ነበር። ለእኛ የተላከ አልነበረም፤ ሆኖም ማዳበሪያ እስከ ሰኔ ሲዘገይ ምን እንደሚከተል ለጎጃም ወይም ለአርሲ ገበሬ ማንም ማስረዳት አያሻውም። መንገዱ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚሻ አገር በመንገድ መዝጊያ መሣሪያ ምን ያተርፋል?

ሌላም አለ። በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ መርከብ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ኪሎ ሜትር ከቦታዋ ትርቃለች። ስለዚህ ሚሳኤሉ ብቻውን ዕውር ነው፤ ሳተላይት፣ ቃኚ አውሮፕላንና ራዳር ዐይን ይሆኑት ዘንድ ግድ ነው። የወዳጆቼ ስሌት ይህን ወጪ ሲደምር አላየሁም።

ደግሞስ ረሳነው እንጂ ሚሳኤል የታጠቁ ፈጣን ጀልባዎች ነበሩን፤ በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ያገኘናቸው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ሲይዝ ከየብስ በታንክ፣ ከባሕር በትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች መጣ። ሚሳኤላችን ለዚያ አልተሠራም ነበር። ወደቡ ሲሄድ መርከቦቹ ቤት አልባ ሆኑ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተረፉት ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት ወደቦች ሸሹ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የኢራን ምሳሌ ነው። ዕቃ ጫኝ መርከብ ሚሳኤል ሊሸከም እንደሚችል አንዴ ከተጠረጠረ፣ የእኛ የንግድ መርከቦች ስንዴና ማዳበሪያ ብቻ እንደጫኑ ማን ያምናል? የመድን ዋጋውንስ ማን ይከፍላል?

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተፈረመው ስምምነት መነሻነት እንደገና መቋቋም የጀመረው ባሕር ኃይላችን ሌላ ሥራ አለው፤ ፈንጂ ማጽዳት፣ የጭነት መርከብ ማጀብ፣ የባሕር ላይ ቅኝት። ይህን የሚሠራ ኃይል ለጅቡቲም ለበርበራም ጠቃሚ እንግዳ ነው። ሚሳኤል ጭኖ የሚመጣውን ግን፣ የአሜሪካን፣ የፈረንሳይን፣ የቻይናን፣ የጃፓንንና የጣሊያንን ጦር በአንድነት አስጠግታ የምትኖረው ጅቡቲ እንኳ ወደቧን የምትከፍትለት አይመስለኝም።