መቶኛው የባትሪውን አቅም አይናገርም

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ጉዳይ ወረዳዎችንም የሚመለከት ሆኗል። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለማመላለስ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለመግዛት የሚያስቡ ጽሕፈት ቤቶች፣ ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማኅበራት ከዋጋው በፊት ሊያጤኑት የሚገባ ነገር አለ። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው መቶኛ የባትሪውን አቅም አይናገርም።

አርሶ አደሩ ይህን በጎተራው ይረዳዋል። ጎተራው ሞላ ማለት 40 ኩንታል ገባ ማለት አይደለም፤ የሚይዘው 25 ከሆነ በ25ም ይሞላል። ባትሪም በዕድሜ፣ በሙቀትና በአያያዝ ጉድለት አቅሙ ይቀንሳል። ያም ሆኖ አሮጌው ባትሪ ቻርጅ ተደርጎ ሲያበቃ እንደ አዲሱ «100 በመቶ» ይላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ትክክለኛው መለኪያ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የመብራት ቆጣሪያችን የሚቆጥርበት ያው መለኪያ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የተሸጠውን ፎርድ ኤፍ 150 ላይትኒንግ እንውሰድ። ጥቅም ላይ የሚውለው አቅም በአንዱ ባትሪ 98፣ በሌላው 131 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። ሁለቱም «50 በመቶ» ሲሉ በአንዱ 49፣ በሌላው 65 ተኩል ቀርቷል። የባትሪው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የሚሸፍነው አቅሙ ከ70 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። 98 የነበረው 69 ቢሆን ገዢው የሚጠይቀው ካሣ የለም ማለት ነው።

አቅሙን መፈተሽ ከባድ አይደለም። ባትሪው 20 በመቶ ላይ ሲደርስ፣ ሌላ ምንም ባልተሰካበት ቆጣሪ ቻርጅ ማድረግ ጀምሮ 80 ላይ ማቆም ነው። የ98 ኪሎዋት ሰዓት 60 በመቶ 59 ገደማ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮበት ቆጣሪው ወደ 65 ካሳየ ባትሪው ደህና ነው። 45 ብቻ ከቆጠረ ግን ጎተራው ጠቧል።

«ቀሪ ኪሎ ሜትር» የሚለው ቁጥርም ግምት ነው። መኪናው በቅርቡ የተነዳበትን ሁኔታ አይቶ ይተነብያል እንጂ የነገውን ጭነትና ዳገት አያውቅም። ከነጭነቱ 3 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ 1 ሺህ ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ጎማውና ነፋሱ የሚበሉት ሳይቆጠር። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ቁልቁለቱ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

ስለዚህ የወረዳ ግዥ ክፍሎች በጨረታ ሰነዳቸው ጥቅም ላይ የሚውለውን ኪሎዋት ሰዓት በቁጥር ሊጠይቁ፣ ያገለገለ ከሆነም ርክክቡን ከመፈረማቸው በፊት ፍተሻውን ሻጩ ባለበት ሊያካሂዱ ይገባል። ውጤቱ ከተሽከርካሪው የስምሪት መዝገብ ጋር ተያይዞ ይቀመጥ፤ በየስድስት ወሩም ፍተሻው ይደገም።