ሶሻል ሽምደዳ ብቻ ነው?

ልጅዎ ለሶሻል ፈተና ሲያጠና አድምጠው ያውቃሉ? ዓመተ ምሕረት፣ የወንዝ ስም፣ የተራራ ከፍታ... ፈተናው ሲያልፍ የተሸመደደውም አብሮ ይረሳል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት የኅብረተሰብ ትምህርት የሚሰጠው በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት አካባቢ ሳይንስና ግብረ ገብ አሉ፤ 9ኛ ክፍል ላይ ታሪክና ጂኦግራፊ ለየብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ ሁለቱን አያይዞ ማየት የሚለምደው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዲዊ ትምህርት ከልጁ ኑሮ መነሣት አለበት ይል ነበር። ኑሮው ደግሞ እርስዎ ቤት ነው። የምንበላው ጤፍ ከየት መጣ? ዋጋው ለምን ጨመረ? አያቱ ወደ ከተማ ለምን መጡ? አያቱና አጎቱ አንዱን ታሪክ ለየቅል ሲያወሩት ደግሞ «ማን አይቷል? ማንስ ሰምቶ ነው?» ብለው ያስጠይቁት።

እኛ የገበያ ሰዎች ደንበኛ «ምን ገዛ?» ብለን አናቆምም፤ «ለምን ገዛ?» እንላለን። ነገ ስለ አገሩ ሁለት የሚጣሉ ታሪኮች በስልኩ ሲመጡበት፣ የሸመደደው ዓመተ ምሕረት ብቻውን አያድነውም፤ መጠየቅ መልመዱ ግን ይረዳዋል። ዛሬ ማታ እራት ላይ በአንድ «ለምን?» ይጀምሩ።